የክረምት እንግዶች በነቀምቴ



ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ወለጋ የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ምክር «ክረምቱ ይውጣና ሂድ» የሚል ነው። ምክሩ ያለ ምክንያት አልመጣም። ነቀምቴ በዓመት 2 ሺህ ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። ወሎ ውስጥ ኮምቦልቻ ላይ የሚዘንበው የዚህ ግማሽ ገደማ ነው። ያውም ወሎ ዝናቡን ለሁለት ከፍሎ፣ ጥቂቱን በበልግ ዋናውን በክረምት ሲቀበል፣ የወለጋው ዝናብ አንዴ ግንቦት ላይ ከያዘ እስከ መስከረም አይለቅም፤ አንዳንድ ዓመትማ ጥቅምትንም ያጋምሳል። ይሁን እንጂ ልጆችን ይዞ ለመጓዝ የሚመቸው ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ሐምሌና ነሐሴ ነው። ስለዚህ ወደድንም ጠላንም የተራራቀ ቤተሰብ የሚገናኘው ከዝናቡ ጋር ነው።

እኛም ከሐርቡ የመጡ እንግዶቻችንን የተቀበልነው በ2000 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ነው። የመጡት አክስታችን፣ የእርሷ የመጨረሻ ልጅና ዘጠኝ ዓመት የሆናት የልጅ ልጇ ነበሩ። አክስታችን ያን ጊዜ ስድሳውን አልፋለች። የመጣችበት ጉዳይ አንድ ነበር፤ በ1977 ዓ.ም. የተለየችውን ወንድሟን፣ የእኛን አባት፣ በዓይኗ ልታየውና ብትችል ይዛው ልትመለስ።

የ1977ቱን ነገር ወጣት አንባቢዎቻችን ከወላጆቻቸው ሳይሰሙት አይቀሩም። በድርቁና በረሀቡ ጊዜ የደርግ መንግሥት በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ስድስት መቶ ሺህ ያህል ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ አንሥቶ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ጎጃምና ጋምቤላ አሰፈረ። ከሁሉ የበዛው የወሎ ሰው ነው። ወዶ የሄደ ነበር፤ ከእርዳታ መጠለያ ተጭኖ የሄደም ነበር። በዚያ ጥድፊያ ባል ከሚስት፣ እናት ከልጅ የተለያየበት ቤት ብዙ ነው። በወለጋ ከነበሩት ሰፊ የሠፈራ ጣቢያዎች አሶሳ፣ ቄቶና አንገር ጉቲን ይጠቀሳሉ። አባታችን የደረሰው አንገር ጉቲን ነው። ከእኛ መካከል ታላላቆቹ በእናታችን ጀርባ ታዝለን ገባን፤ ታናናሾቹ እዚያው ተወለድን። ኋላ ላይ ለትምህርትና ለንግድ ወደ ነቀምቴ ወጥተን ቤት ተከራየን። እንግዶቹ ያረፉት በዚሁ ቤታችን ነው።

መንገዱ ሁለት ቀን ይፈጃል። ከሐርቡ አዲስ አበባ አንድ ቀን ነው፤ መርካቶ አውቶቡስ ተራ አጠገብ አድረው፣ ሱብሒን ሰግደው፣ በማግሥቱ ወደ ምዕራብ 331 ኪሎ ሜትር ይጓዛሉ። ሆለታ፣ ጊንጪ፣ አምቦ፣ ጉደር፣ ጌዶ እያለ ይቀጥላል። ከጌዶ በኋላ መንገዱ ወደ ባኮ ይወርዳል። ባኮ በበቆሎ ምርምር ጣቢያዋ የምትታወቅ፣ ለጊቤ ወንዝ ቅርብ የሆነች ሞቃት ስፍራ ናት። አክስታችን እዚያ ስትደርስ «አገር ማለት ይኸ ነው!» ብላ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ነበር አሉ። ሐርቡ ቆላ ነውና የለመደችው ሙቀት ነው። ከዚያ ግን መኪናው እንደገና ሽቅብ ይወጣል። ሲሬን አልፈው ነቀምቴ ሲገቡ ከፍታው ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ ዝናቡም መናኸሪያው በር ላይ ጠበቃቸው። ከመኪናው ስትወርድ የመጀመሪያ ቃሏ «ያረቢ! ሰማዩ ተቀደደ እንዴ?» የሚል ነበር።

ከክረምት እንግዳ ጋር ኑሮ የሚጀምረው ከጫማ ነው። የነቀምቴ አፈር ቀይ ነው፤ ሲረጥብ ከተረከዝ ጋር ተጣብቆ ይወጣል፣ ነጭ ልብስም አይምርም። እንግዶቹ የመጡት በክፍት ጫማ ስለነበር በማግሥቱ በመጀመሪያ የሄድነው ወደ ገበያ፣ ለእርሷ ኮንጎ ጫማ፣ ለልጁ ቦት ጫማ፣ ለትንሿም ዣንጥላ ለመግዛት ነው። ሁለተኛው ነገር ቆርቆሮው ነው። ኃይለኛ ዝናብ በወረደ ጊዜ በቤት ውስጥ ሰው ከሰው አይሰማማም፤ አዛንም አይሰማም። ፀሐይ ስለማትታይ የዐስር ሰዓት በጥላ አይለይም። ጥላ እያየች ዕድሜዋን የሰገደች ሴት ሰዓታችንን ለማመን ሦስት ቀን ፈጀባት። «ይኸ ሰዓታችሁ ውኃ አልገባበትም?» ትለን ነበር።

ከተማ ለማስጎብኘት ሰማዩን ማወቅ ያስፈልጋል። በወለጋ ክረምት ማለዳው ብዙ ጊዜ ብራ ነው፤ ዳመናው የሚከብደው ከቀትር በኋላ ነው። ስለዚህ በእግር የሚታየውን ሁሉ በጠዋት፣ ጣሪያ ያለውን ከዙሁር በኋላ አደረግነው። ይህን ሥርዓት ለሌሎችም እንመክራለን፤ እኛን አንድ ቀን ብቻ ነው ያሳፈረን።

የመጀመሪያው ጠዋት የገበያ ነበር። ነቀምቴ ቡና ከሚሰበሰብባቸው ቦታዎች አንዷ ናት፤ በውጭ ገበያም ቡናው «ለቀምፕቲ» እየተባለ በከተማዋ ስም ይሸጣል። ማሩ፣ ቅቤው፣ በቆሎው አለ። እኛ አክስታችን በቋንቋ እንዳትቸገር ብለን ለማስተርጎም ተሰልፈን ነበር። በከተማዋ ያለው ጽሑፍ በአብዛኛው በቁቤ ነው፤ በገበያም የሚነገረው ኦሮምኛ ነው። እርሷ ግን ከአንዲት ቅቤ ሻጭ ፊት ቁጭ ብላ «አካም ጅርቱ?» ብላ ጀመረች። ሻጯ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ በኋላ የተናገሩትን ግማሹን እኛም አልያዝነውም፤ የሐርቡና የነቀምቴ ኦሮምኛ አነጋገሩ ይለያያል። እነርሱ ግን ተግባብተው ይስቃሉ።

አክስታችን ኦሮምኛን የለመደችው በልጅነቷ ከባቲ የሰኞ ገበያ ነው፤ አባቷ ፍየል እየነዳ ይዟት ይሄድ ነበር። ለወሎ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ወረኢሉ፣ ወረባቦ፣ ወረሂመኖ የሚሉትን የወሎ ስሞች ያየ ሰው ከየት እንደመጡ ያውቃል፤ ከሚሴና ባቲም እስከ ዛሬ ኦሮምኛ የሚነገርባቸው ናቸው። ሆኖም እኛ በወለጋ ያደግን ልጆች «እንግዳይቱ ተቸገረች» ብለን ስንጨነቅ፣ እንግዳይቱ ከእኛ በተሻለ ዋጋ ቅቤ ገዝታ ተነሣች። ያ ዓመት እህልም ቅቤም የተወደደበት ዓመት ስለነበር ትንሽ ቅናሽ ቀላል አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲይዝ ወደ ወለጋ ሙዚየም ወሰድናቸው። የአካባቢውን ኦሮሞ ሕዝብ የቤት ዕቃ፣ የእርሻ መሣሪያ፣ ልብስና የባህል ዕቃ ያሰባሰበ ቤት ነው። ወጣቱ የአክስታችን ልጅ መጀመሪያ ላይ «ይኸን እኛ ቤትም አለን» ብሎ ነበር፤ እውነትም ነው፣ ቅሉና ገበታው ሐርቡም አለ። ልጅቱ ግን በየዕቃው ፊት እየቆመች «ይኸስ?» ትላለች። አክስታችን ለእርሷ መልስ ስትሰጥ አስጎብኚው ዝም ብሎ ያዳምጥ ጀመር።

በሌላ ጠዋት የኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት አየን። የሌቃ ነቀምቴ ገዥዎች ታሪክ እዚህ ነው። ሞረዳ በከሬ ለዳግማዊ ምኒልክ የጦር አለቃ ለራስ ጎበና ሳይዋጋ ገብሮ፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ እየከፈለ አገሩን ራሱ ማስተዳደሩን ቀጠለ። ልጁ ኩምሳ ክርስትና ተነሥቶ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተባለ። የአክስታችን ልጅ «የእኛ ሰዎች ያን ጊዜ የት ነበሩ?» ብሎ ጠየቀን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ብዙ ሰው የወለጋን ሙስሊም ሁሉ በ1977 በጭነት መኪና የመጣ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሙስሊም ነጋዴዎች ከጎጃም ባሶ ገበያ ተነሥተው፣ ዓባይን ተሻግረው፣ በጉድሩ አሰንዳቦ አድርገው እስከ ሌቃና እናርያ ድረስ ቅፍለት ይነዱ ነበር። ቡናው፣ ወርቁና የዝሆን ጥርሱ ወደ ጎንደርና ምጽዋ የሚወጣው በእነርሱ እጅ ነው። ወደ ምዕራብ ዘልቆ በቤጊ አካባቢ ደግሞ ከቦርኑ ምድር የመጡት አልፋኪ አሕመድ ዑመር ያአ ላይ ተቀምጠው የቲጃኒያን ጦሪቃ አስተምረዋል፤ እስከ ዛሬም የሚዘይራቸው ብዙ ነው። ይህን ስንነግረው ወጣቱ «እንግዲያው እናንተ እንግዳ አይደላችሁማ» አለ። አንዳችንም አልመለስንለትም። ለምን እንደሆነ በኋላ እንደርስበታለን።

ከከተማዋ አጠገብ ቦንያ የተባለውን ስፍራም ከሩቅ አሳየነው። በሰኔ 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች እዚያ አርፈው ሳለ፣ ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡት የጥቁር አንበሳ አርበኞች በሌሊት ደርሰው አውሮፕላኖቹን አቃጠሉ፤ ጄኔራል ማልዮኮንም ከነባልደረቦቹ ገደሉ። እኛን ያሳፈረን ቀን ያ ነው፤ ጭጋጉ ወርዶ ከሜዳው ምንም አልታየም። አንድ ሰዓት ሙሉ በዣንጥላ ሥር ቆመን ነጭ ነገር እያየን ታሪክ ተረክንላቸው። ልጅቱ «አውሮፕላኑ የት አለ?» እያለች አላስቆመችንም።

ጁሙዓን በከተማው መስጊድ ሰገድን። በ1991ና በ1999 ዓ.ም. መካከል ከተማዋ ምን ያህል እንዳደገች ለማወቅ መስጊዱ ራሱ ይበቃል፤ በዝናብ ቀን እንኳ ሰው ሞልቶ በረንዳ ላይ ይሰገዳል። በ1999ኙ ቆጠራ ነቀምቴ 75,219 ሰው ነበራት፤ ከአሥሩ አንዱ ገደማ ሙስሊም ነው። የሚበዙት ፕሮቴስታንቶች ናቸው፤ ኦርቶዶክሶች ይከተላሉ። ኹጥባው በኦሮምኛ ሲሆን የአክስታችን ልጅ «ለካ ኦሮምኛ ኹጥባም ያምራል» አለን። በዚያው ቀን መግሪብ ላይ ዝናቡ ስለበረታ ኢማሙ ዒሻን ከመግሪብ ጋር አገናኝተው አሰገዱ። ልጁ በሐነፊ መዝሀብ የተማረ ስለሆነ ግራ ተጋባ። በሻፊዒ መዝሀብ ግን በዝናብ ምክንያት ሁለቱን ሶላት በመስጊድ ማገናኘት ይፈቀዳል፤ በሐነፊዎች ዘንድ ለዝናብ ሲባል አይገናኝም። እርሱ ቤት ሲደርስ ዒሻን በወቅቱ ደገመ፤ ማንም ማንን አልወቀሰም። እንዲህ ያለ ነገር በመንገድ የሚገጥማቸው ወጣቶች ክርክር ከመክፈት አስቀድሞ የአካባቢውን ዓሊም መጠየቅ ይበጃቸዋል።

ስለ ምግብ ብዙ አንልም፤ ስለ አንጮቴ ግን ዝም ማለት አንችልም። አንጮቴ በወለጋ የሚበቅል ሥራ ሥር ነው፤ ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ በቅቤና በቅመም ይቀርባል። አጥንቱ ለተሰበረና ለአራስ ይሰጣል። አክስታችን ቀምሳ «ድንች ነው» አለች። ሁለተኛ ጉርሻ ላይ «አይ፣ ድንች አይደለም» አለች። ሦስተኛው ላይ ምንም አላለችም። በመጨረሻም ጉልበቷን ስለሚያማት አምስት ኪሎ ይዛ ልትሄድ ተነሣች። ቡናውንም ራሷ እየቆላች፣ አቦሉን ቶናውን በረካውን እንደ ወሎ እያፈላች፣ ዱዓ እያስደረገች ጎረቤት ሰበሰበች። በዝናብ ጊዜ ሌላ የሚጎበኝ ነገር ባይገኝ የጀበና ዙሪያ ይበቃል። በእኛ ሠፈር ያለች አንዲት የመካነ ኢየሱስ ምእመን ጎረቤታችን በየቀኑ በቡና ሰዓት መጥታ እስከ መጨረሻው ትቀመጥ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ወደ ጉቲን ወረድን። አባታችን መጥቶ ሊቀበላት ነበር፤ ሆኖም ክረምት በቆሎው የሚጠበቅበት ጊዜ ነው፣ ዝንጀሮና ከርከሮ ማሳ አያሳድሩም። «እትየ ትምጣልኝ፣ ማሳዬንም ትይልኝ» ብሎ ልኮ ነበር። ከነቀምቴ ወደ ሰሜን ሲሄዱ መንገዱ ቁልቁል ነው። ኡኬን አልፎ የአንገር ወንዝ ይመጣል፤ አንገር ወደ ዴዴሳ ይገባል፣ ዴዴሳም ወደ ዓባይ። ብርዱ በየኪሎ ሜትሩ እየለቀቀ፣ ወበቁ እየመጣ፣ አክስታችን ነጠላዋን እንደ ባኮው ጊዜ ታወርደው ጀመር። ወንዙ ቀልቶና ሞልቶ ነበር። መኪናችን ጭቃ ውስጥ ገብቶ ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋን።

ከወንድሟ ጋር የተገናኙበትን ሁኔታ መዘርዘር አያስፈልግም፤ ሃያ ሦስት ዓመት ተለያይተው የተገናኙ ሰዎችን ያየ ያውቀዋል። በማግሥቱ ግን ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት አባታችን እኛ ነቀምቴን እንዳሳየናት ጉቲንን ሊያሳያት ይዟት ወጣ። በቆሎውን፣ ማሽላውን፣ ሰሊጡን አሳያት። ራሱ የተከላቸውን ማንጎዎች አሳያት። በሠፈራው ዘመን ትራክተር ይቆምበት የነበረውን ቦታ አሳያት። የቆላ ዝንብ የሚያመጣው የገንዲ በሽታ በሬ አላሳድግ ብሏቸው በዶማ የቆፈሩበትን ማሳ አሳያት። በመጨረሻ ወደ መቃብሩ ወሰዳት። በመጀመሪያው ክረምት ወባ ከገደላቸው መካከል እናታችንና አንድ ወንድማችን አሉ። በዚያን ጊዜ የመጣው የወሎ ደገኛ ወባን አያውቃትም ነበር፤ የሐርቡ ቆለኛ እንኳ ያችን ዓይነቷን አልቻላትም።

እዚያው ቆመው ነው የመጣችበትን ነገር የነገረችው። የአባታቸው ቤት ፈርሷል፤ ቦታው ግን አለ፤ ልጆቿ ይሠሩልሃል ብለዋል። እንድትሞት አብራው እንድትሆን ትፈልጋለች። «ባዕድ አገር አትሙትብኝ» አለችው።

አባታችን ቶሎ አልመለሰም። ከዚያም «እትየ፣ እነዚህን ለማን ልተዋቸው?» አለ፣ መቃብሩን እያየ። «ልጆቹም ሐርቡን አያውቁም። እነርሱን ብወስድ እነርሱ ይሰደዳሉ።» እርሷ ደግሞ በከተማው ያየችውን ሁሉ እየጠቀሰች ጠየቀችው፤ ፊደሉ የማይነበብህ፣ ቀበሌ ስትሄድ አስተርጓሚ የምትሻ፣ ነገ ቢከፋ ማን አለህ አለችው። እርሱም ጎረቤቶቹን በስም ቆጠረላት፤ ኦሮሞውን፣ አማራውን፣ በሬ ያዋሰውን፣ ልጆቹን በሆስፒታል ያስታመመለትን። ክርክራቸውን ዝናቡ አቋረጠው። ወደ ቤት ገብተንም አልተነሣም።

አክስታችን ሃያ አንድ ቀን ተቀመጠች። ረመዷን ነሐሴ 26 ቀን ሊገባ ስለነበር ጾሙን በቤቷ ለመያዝ በነሐሴ አጋማሽ ተመለሰች። አንጮቴውንም ይዛ ሄደች። ወንድሟን ይዛ አልሄደችም። ከዚያ በኋላ በስልክ ካልሆነ አልተገናኙም። እርሷ በ2005፣ አባታችን በ2009 ዓ.ም. ወደ አኼራ ሄዱ፤ አላህ ይማራቸው። እርሱ የተቀበረው ባሳያት ቦታ ነው።

ወጣቱ ለጠየቀን ጥያቄ ያልመለስንበት ምክንያት ያን ጊዜም በልባችን ነበር። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በምሥራቅ ወለጋ ግጭት ሲነሣ በኪራሙ፣ በጊዳ አያናና በአካባቢያቸው ከኦሮሞውም ከአማራውም ብዙ ሰው ሞተ፤ እጅግ ብዙ ቤተሰብ ተፈናቀለ። ጉቲን ራሷ ተፈናቃይ የሚጠለልባት ከተማ ሆነች። አባታችን በስም ከቆጠራቸው ጎረቤቶች ቤታቸው የተቃጠለ አሉ፤ የእኛን ወንድሞች ቤታቸው ሸሽገው ያሳደሩም አሉ፤ ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ የደረሰበት አለ።

ከወንድሞቻችን ሁለቱ ልጆቻቸውን ይዘው ሐርቡ ገቡ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ኮምቦልቻና አካባቢዋም በጦርነት ውስጥ ስለነበሩ የሄዱት ከዚያ በኋላ፣ በየካቲት ነው። የተቀበለቻቸው ያቺ ነቀምቴ ላይ ዣንጥላ የገዛንላት ልጅ ናት፤ አሁን ባለትዳርና የልጅ እናት ሆናለች። በማግሥቱ የጉቲን ልጆችን ሰብስባ አገር ልታሳያቸው ወጣች። የአያታቸው ቤት የነበረበትን ቦታ፣ መስጊዱን፣ ገበያውን አሳየቻቸው። ቦርከና ወንዝ ሲደርሱ አንደኛው ልጅ ውኃው የት እንዳለ ጠየቃት። በየካቲት ቦርከና ቁርጭምጭሚት አይደርስም።